ካርቱም፦ ሰዎች የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳን እንዲቀበሉ ወይም እንዲሸሹ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?

ዴም በሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም የሚገኝ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩበት የነበረ ሰፈር ነው። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ የከተማዋ ባንኮች ተዘጉ፤ ብዙዎቹም ተዘረፉ። ጥሬ ገንዘብ ይዞ ኬላ ማለፍ ለዝርፊያ መጋለጥ ሆነ። ያኔ ‘ባንካክ’ የተሰኘው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ለብዙዎች ዳቦ መግዣና ከቤተሰብ ገንዘብ መቀበያ ሆነ።

ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ እአአ በ1989 ባቀረበው ሞዴል መሠረት፣ ሰዎች አዲስ ቴክኖሎጂን የሚቀበሉት ጠቃሚና ለአጠቃቀም ቀላል ሆኖ ሲያገኙት ነው። ካርቱም ሌሎች ምክንያቶችንም አሳይታለች።

የመጀመሪያው አማራጭ ማጣት ነው። ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ፣ ለመተግበሪያው ግድ ያልነበረው ሰውም ይጠቀመዋል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በጦሩ ቁጥጥር ሥር ባሉ አካባቢዎች የ500 እና የ1 ሺህ ፓውንድ ኖቶች ሲቀየሩም ብዙዎች ወደ ባንክ ሒሳብ ተገፍተዋል።

ሁለተኛው የሌሎች መጠቀም ነው። ባለሱቁ የማይቀበለው ቦርሳ ለደንበኛው ፋይዳ የለውም።

ሦስተኛው ኔትዎርክ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ግንኙነት ሲቋረጥ፣ በስልክ ያለ ገንዘብ የማይነካ ገንዘብ ሆነ። አቅም ያለው የስታርሊንክ ኢንተርኔት ወዳለበት ሄዶ እየከፈለ ይጠቀም ነበር።

አራተኛው መታወቂያ ነው። ባንካክ ከባንክ ሒሳብ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ሰነድ የሌለው ስደተኛ በሌላ ሰው ሒሳብ ገንዘብ ለመቀበል ይገደዳል። ጥሬውን ለማግኘትም ኮሚሽን ይከፍላል፤ ባለሒሳቡ ቢክድ ግን የሚያቀርበው ማስረጃ እምብዛም ነው።

በኢትዮጵያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ግን ከስልክ ቁጥር ጋር የተያያዘ በመሆኑ የባንክ ሒሳብ አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን መደረጉም ተጠቃሚዎችን ገፍቷል።

ይሁንና ግዴታ መተግበሪያውን በስልክ ላይ ያስጭናል እንጂ እምነትን አያመጣም። ሰዎች ገንዘባቸውን በቦርሳው የሚያቆዩት በፈለጉት ሰዓት እንደሚያወጡት እርግጠኛ ሲሆኑ ነው።