አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ምድብ

የሕክምና መሣሪያ ምድብ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመረት ነገር አይደለም፤ ሕግ የሚሰጠው ደረጃ ነው። ስለዚህ ድንበር ሲሻገር ሊለወጥ ይችላል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣ ሕግ መሣሪያዎችን እንደ ሥጋታቸው መጠን በ3 ምድብ ከፍላለች። የአውሮፓ ኅብረት ግን 4 ምድብ አለው፦ 1፣ 2ሀ፣ 2ለ እና 3።

ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያን እንውሰድ። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ ከምድብ 2ለ ወደ ጥብቁ ምድብ 3 አሸጋግሮታል። በአሜሪካ ግን ብረትና ፕላስቲክ የሚጋጠሙበት የተለመደው ዓይነት ምድብ 2 ነው። አምራቹ ምርቱ ቀድሞ ገበያ ላይ ከዋለ መሣሪያ ጋር አቻ መሆኑን ካሳየ ብዙውን ጊዜ አዲስ የክሊኒክ ሙከራ አይጠየቅም።

ምድቡ ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። ብረት ከብረት የሚጋጠምበት ዓይነት በአሜሪካ ምድብ 3 ሆኖ ሳለ፣ በዚሁ የአቻነት መንገድ ለዓመታት አልፏል። የብረት ብናኝ የጎዳቸው ብዙ ሕሙማን ዳግም ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ፣ ኤፍዲኤ በሩን የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። አውሮፓም ከዚህ ጉዳት አላመለጠችም።

እንግዲህ ሰነድ ላይ «ምድብ 2» የሚል ያነበበ ገዢ ሁለት ጥያቄ ማስከተል ይኖርበታል፦ በማን ሕግ? በምን ማስረጃ?