አቻ ጋብቻ፦ የቫልቭ አምፕሊፋየርና የስፒከር ታሪክ

በአማርኛችን «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያጎለብተውን አምፕሊፋየርንም፣ የጎለበተውን ምልክት ወደ አየር ንዝረት የሚለውጠውን ስፒከርንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ቋንቋችን ለሥነ ቴክኒክ ቃላት ደሃ ነው የሚሉ ወዳጆቼ ይህን እንደ ጉድለት ያነሡታል። እኔ ግን የቤት ሙዚቃ ማጫወቻን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር፣ አማርኛ ሳያስበው እውነቱን ተናግሯል እላለሁ። ሁለቱ ዕቃዎች በየሳጥናቸው ይቀመጡ እንጂ ታሪካቸው አንድ ነው፤ አንዱ በተለወጠ ቁጥር ሌላውም እንደነበረ አልቀረም። ዛሬ የድሮ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ገዝተው ያጋጥሙና ድምፁ ሳይጥማቸው ሲቀር ጥፋቱን በአንደኛው ላይ ይደፉታል። ይህን ስለማይ የሁለቱን የጋብቻ ታሪክ በአጭሩ ላወጋ ወደድኩ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቫልቭም በፊት ነው። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በፎኖግራፍ አስቀርጻ ልካለች። በዚያ ዘመን ፎኖግራፍ ውስጥ ድምፅን የሚያጎላ ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ መርፌዋ የምታነሣውን ደካማ ንዝረት ወደ ክፍሉ የሚያወጣው አፉ የሰፋ ጡሩምባ ነበር። ጡሩምባ ኃይል አይጨምርም። ያለው ኃይል እንዳይባክን አድርጎ ከአየሩ ጋር ያገናኘዋል እንጂ። አንባቢዬ ይህን ነጥብ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1906 ሊ ዲ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ በአንድ የመስታወት አምፖል ውስጥ ሦስተኛ የሽቦ አካል ጨመረ። በአሮጌ ሬዲዮኖች ሆድ ውስጥ ቀልቶ የምናውቀው ቫልቭ የዚህ አምፖል ልጅ ነው። ደካማው ምልክት እንደ በረኛ ቆሞ ብርቱውን ጅረት ይከፍትለታል፣ ይዘጋበታል፤ ማጉላት ማለት ይኸው ነው። ዲ ፎረስት የሠራውን ነገር ምንነት በቅጡ ሳይረዳው ዓመታት አለፉ፤ ያስረዱት ሌሎች ናቸው። በ1925 ደግሞ የጀነራል ኤሌክትሪክ ባልደረቦች የነበሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ፣ በማግኔት መካከል በሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል የሚነዳውን የወረቀት ሾጣጣ ስፒከር ለዓለም አስተዋወቁ። ዛሬም በየቤታችን ያለው ስፒከር በመሠረቱ የእነርሱ ነው።

ችግሩ የጉልበት ነበር። በድምፅ አዋቂዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሣው የዌስተርን ኤሌክትሪክ 300ቢ ቫልቭ በ1938 ሲወጣ፣ አንዱ ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠው ኃይል ስምንት ዋት ያህል ነበር። በስምንት ዋት ሲኒማ ቤት የሚያህል አዳራሽ እንዴት ይሞላል? መልሱ ያው የፎኖግራፉ ጡሩምባ ሆነ። የሲኒማ ቤት ስፒከሮች ከመጋረጃው በስተኋላ የሚቆሙ፣ ቁመታቸው ከሰው የሚበልጥ ጡሩምባዎች ነበሩ። ስፒከሩ ያን ያህል የገዘፈው አምፕሊፋየሩ አቅመ ደካማ ስለነበር ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ልታገሥባችሁ። የአንድ ስፒከር ብቃት የሚለካው፣ አንድ ዋት ተሰጥቶት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ድምፅ ያወጣል በሚል ነው። ሦስት ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉ እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በአንድ ዋት 104 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከርና 86 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር ቢጎራበቱ ልዩነታቸው 18 ዴሲቤል ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያህል እንዲጮኽ 64 ዋት ያህል ይፈልጋል። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ በዚህች ስሌት ላይ የቆመ ነው።

ጡሩምባውን ከሲኒማ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት ያስገባው ፖል ክሊፕሽ ነው። በ1946 ሆፕ በምትባለው የአርካንሳስ ከተማ ሥራውን ሲጀምር፣ ረጅሙን የወፍራም ድምፅ ጡሩምባ እንደ ወረቀት በእንጨት ሳጥን ውስጥ አጣጥፎ ሳጥኑን በክፍሉ ማዕዘን ላይ አቆመው። ግድግዳዎቹ የጡሩምባው አፍ ሆኑ። ክሊፕሽሆርን ለብቻው ሙሉ ዕቃ አይደለም፤ ቤቱ ራሱ የመሣሪያው አካል ነው። እንዲህ ባለ ስፒከር አንድ ዋት በቂ ከመሆን አልፎ ይተርፋል። ክሊፕሽ አገሪቱ የሚያስፈልጋት አንድ ጥሩ ባለ አምስት ዋት አምፕሊፋየር ነው ይል እንደነበር ይነገርለታል፤ ቀልድ ቢመስልም ሒሳቡ ትክክል ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዞች በአምፕሊፋየሩ በኩል ይደክሙ ነበር። ዊሊያምሰን የተባለው መሐንዲስ በ1947 «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ባለ 15 ዋት ንድፍ፣ ብረት መበየድ የሚችል ሁሉ በቤቱ እንዲሠራው ታስቦ የተጻፈ ነበር፤ ብዙዎችም ሠሩት። የዚህ ንድፍ ምሥጢር የውጤት ትራንስፎርመሩ ነበር። ቫልቭ በተፈጥሮው ከፍተኛ ቮልትና ጥቂት ጅረት ይሰጣል፤ ስፒከር ደግሞ ዝቅተኛ ቮልትና ብዙ ጅረት ይሻል። ሁለቱ ፊት ለፊት ቢገናኙ አይስማሙም። ስለዚህ በመካከላቸው ሽማግሌ ይገባል። ከአምፕሊፋየሩ በስተኋላ 4፣ 8፣ 16 ኦም የሚል ጽሑፍ ያለባቸው መግጠሚያዎች የሽማግሌው ቃላት ናቸው፤ ስፒከሩ ማን እንደሆነ ተጠይቆ በዚያው ልክ ይታሰራል። የድሮ ቫልቭ አምፕሊፋየር የሚከብደውም፣ ዋጋው የሚወደደውም በዚሁ የብረትና የመዳብ ጥቅል ነው። መልካም ሽማግሌ በርካሽ አይገኝም።

አሁን ወደ ታሪኩ መታጠፊያ ደረስን። በ1954 ኤድጋር ቪልቸርና ሄንሪ ክሎስ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኬምብሪጅ ከተማ፣ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ኤአር-1 የሚባል ስፒከር አወጡ። የቪልቸር ሐሳብ እጅግ ቀላል ነበር። የስፒከሩን ወረቀት ወደ ቦታው የሚመልሰው ጠንካራ ጠርዙ ከሚሆን፣ በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የተዘጋው አየር ለምን እንደ ሞላ አይመልሰውም? የአየር ሞላ ከማናቸውም ጨርቅና ጎማ ይልቅ እኩል ይገፋል። በዚህ ዘዴ ቁም ሣጥን ከሚያካክል ዕቃ ብቻ ይወጣ የነበረው ወፍራም ድምፅ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ሳጥን ወጣ። ከቤት አሠሪዎችና ከአናጢዎች ጋር ሲሟገት የኖረው ሙዚቃ ወዳድ ተገላገለ።

ዳሩ ግን በተፈጥሮ ዘንድ ነፃ ስጦታ የለም። ኋላ ከክሎስ ጋር የሠራው አንቶን ሆፍማን እንዳሳየው፣ ጥልቅ ድምፅ፣ ትንሽ ሳጥንና ከፍተኛ ብቃት ሦስቱም በአንድነት አይገኙም፤ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይተዋል። ክሊፕሽ ትንሽነትን ተወ። ቪልቸር ብቃትን ተወ። ትንሿ ሳጥን ዋት የምትበላ ሆነች፤ ያን ዋት የሚያቀርብላት ባል ያስፈልጋት ነበር።

ባሉ ከፊላደልፊያ መጣ። ዴቪድ ሃፍለር ከኸርበርት ኬሮስ ጋር በ1951 «አልትራ ሊኒየር» የተባለውን የትራንስፎርመር አጠማመድ ያስተዋወቀ፣ ሥራውን ከትራንስፎርመር የጀመረ ሰው ነው። በ1955 ዳይናኮን አቋቋመ፤ በ1959 ስቴሪዮ 70 የተባለውን አምፕሊፋየር አወጣ። አራት ኢኤል34 ቫልቮች፣ ሁለት የውጤት ትራንስፎርመሮች፣ በእያንዳንዱ ጎን 35 ዋት። ገዢው ራሱ የሚበይደው ሆኖ ዋጋው ከመቶ ዶላር በታች ነበር። የሚሊየነሮች የነበረውን የሙዚቃ ጥራት ወደ መምህሩና ወደ ጸሐፊው ሳሎን ያገባው ይህ ዕቃ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጊዜውን ተመልከቱ። ባለ ሁለት ጎን፣ ማለትም ስቴሪዮ፣ ሸክላ ገበያ ላይ የዋለው በ1958 ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ግዙፍ ስፒከር በአንድ ማዕዘን ማቆም ይቻል ነበር። አሁን ሁለት ያስፈልጋል። ሁለት ባዶ ማዕዘን፣ ያውም በአንድ ግድግዳ ላይ፣ በስንት ቤት ይገኛል? ስቴሪዮ ለትንሿ ሳጥን ፈረደ። በ1958 የወጣው ኤአር-3ና የዓመት ታናሹ ስቴሪዮ 70 የተገናኙት በዚህ ሰዓት ነው። ሁለቱ ድርጅቶች ኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ በነበረው የኤአር የሙዚቃ ክፍል ዕቃቸውን በአንድነት ያሰሙ ነበር፤ በክፍሉ ምንም አይሸጥም፣ መንገደኛው ገብቶ ይሰማል፣ ይሄዳል። ከዚያም የፋይን አርትስ የሙዚቃ ጓድ አራቱ ተጫዋቾች መድረክ ላይ ከኤአር-3 ስፒከሮች ጋር ይቀመጡና መጫወት ይጀምራሉ። በመሐል መጫወታቸውን ያቆማሉ፤ ክንዳቸው ግን መንቀሳቀሱን አያቆምም። ሙዚቃውን የሚቀጥሉት ስፒከሮቹ ናቸው። ከታዳሚው ብዙው ለውጡ የቱ ላይ እንደሆነ መለየት ተስኖት ነበር። ኤአር-3 ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

በእንግሊዝ አገር የተፈጸመው ጋብቻ ግን በእኔ ሚዛን ከሁሉ ያምራል፣ ከሁሉም ይሰበራል። የሃንቲንግደኑ ፒተር ዎከር በ1953 ኳድ 2 የተባለውን ባለ 15 ዋት አምፕሊፋየር፣ በ1957 ደግሞ ወረቀትም ማግኔትም የሌለውን ስፒከር አወጣ። በሁለት የተቦደሱ ሳህኖች መካከል የተወጠረ እጅግ ስስ ፕላስቲክ በኤሌክትሪክ ስበት ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ከሳጥን የወጣ አይመስልም። የሰው ድምፅ በዚህ ስፒከር የሰማ ሰው ሌላውን ሁሉ እንደ መስኮት ቆሻሻ ማየት ይጀምራል። ይሁንና ፕላስቲኩ ከልክ ያለፈ ቮልት አይችልም፤ ብልጭታ ይወጣውና ይቃጠላል። ከአሥራ አምስት ዋቱ ኳድ 2 ጋር ሆኖ ለዘመናት የኖረው ስፒከር ከብርቱ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ጋር ሲታሰር በአንድ ምሽት አለቀ። አምራቹ ራሱ በ1975 ያወጣው ባለ 100 ዋት 405 አምፕሊፋየር ለዚህ ስፒከር ሲውል ኃይሉን የሚገታ መሣሪያ ያስፈልገው ነበር። ዛሬም እንዲህ የሚጠፉ አሉ፤ በጠፉ ቁጥርም የ1957ቱን ድምፅ የምንሰማበት መስኮት ይጠባል።

ትራንዚስተር በ1947 በቤል ቤተ ሙከራ ተወልዶ በ1960ዎቹ ወደ ሳሎን ሲገባ፣ ዳይናኮ እንኳ ስቴሪዮ 120 የሚባል የትራንዚስተር አምፕሊፋየር አወጣ። ለዚህ በር የከፈተችው ዋት የምትበላዋ ትንሽ ሳጥን ነች ባይ ነኝ። ዋት መቁጠር ከተጀመረ ወዲያ ርካሽ ዋት የሚሰጠው ያሸንፋል። ትራንዚስተር ትራንስፎርመር አይሻም፤ ሽማግሌውም ተሰናበተ። ከዚያ ወዲያ የተሠሩ ስፒከሮች የታሰቡት ለማይዝል ጉልበት ነው።

ብዙ ሰው «ቫልቭ ሞቅ ያለ ድምፅ አለው» ይላል። ሙቀቱ ግን ከቫልቩ ብቻ አይመጣም። ስምንት ኦም የተባለ ስፒከር በሁሉም ድምፅ ላይ ስምንት አይደለም፤ በአንዱ የወፍራም ድምፅ እርከን ላይ ወደ ሠላሳ ሊወጣ፣ በሌላው ወደ አምስት ሊወርድ ይችላል። ትራንዚስተር ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ቫልቭ ግን የራሱ ውስጣዊ መቋቋም ስላለው፣ የስፒከሩ ኦም ከፍ ባለበት ድምፁ በጥቂቱ ጎላ ይላል፣ ዝቅ ባለበት ይቀንሳል። ስለዚህ ያው አምፕሊፋየር በአንዱ ስፒከር ላይ ሞቃት፣ በሌላው ላይ ደረቅ፣ በሦስተኛው ላይ የደፈረሰ ይሆናል። አንድ ወዳጄ ባለ ስምንት ዋት የ300ቢ አምፕሊፋየር በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ከታሸጉ ትንንሽ ስፒከሮች ጋር አጋጠመው። ድምፁ የታነቀ ሰው ድምፅ ነበር። «ተታለልኩ» ብሎ ሊሸጠው ሲል ጡሩምባ ስፒከር ካለው ጎረቤቱ ቤት ይዞት ሄደ፤ በሩብ ዋት ቤቱን ሞላው። አምፕሊፋየሩን አልሸጠውም። ስፒከሮቹንም አልሸጣቸውም፤ አርባ ዋት ሰጣቸውና እነርሱም ዘፈኑ።

ወደ እኛ ስመጣ፣ አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረው በ1969 ነው፤ ያኔ በዓለም ገበያ የቫልቭ አምፕሊፋየር ዘመን እያለፈ ነበር። የእኛ ወርቃማ ዘፈኖች ከቫልቭ ጋር የተገናኙት ዘግይተው፣ እንደ እኔ ባሉ አሮጌ ዕቃ ወዳዶች ቤት ነው። እኔ የማጫውታቸው በስቴሪዮ 70ና በታሸጉ ሳጥኖች፣ በዚያ በጥንቱ አቻ ጋብቻ ነው። ቫልቮቹን በየጥቂት ዓመቱ እለውጣለሁ፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚሠሩት በሩሲያ፣ በቻይናና በስሎቫኪያ ነው። አምፖሎቹ እስኪግሉ ግማሽ ሰዓት ያህል እጠብቃለሁ። ከዚያ ዘፋኙ ስንኙን ከመጀመሩ በፊት የሚስበው ትንፋሽ፣ ሳክስፎኑ ከበስተግራ ሲገባ የሚሰማው የቁልፎቹ መንኳኳት ይለያል። ባለ 45 ዙሯ ሸክላ ግን አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለምትጫወት ቶሎ ቶሎ ተነሥቶ መገልበጥ ግድ ነው።