ከፊቱም ከጀርባውም፦ የቃኘው ዘማቾችን የቤተሰብ ፎቶግራፎች ስለ መለየት

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ ወደብ «ጄኔራል ማክሬ» በተባለች የአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ኮርያ ጦርነት አቀና። ዘማቾቹ በአብዛኛው ከክብር ዘበኛ የተመረጡ ነበሩ። የተኩስ አቁሙ ስምምነት እስከተፈረመበት እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ ሦስት ሻለቃዎች እየተተካኩ ተዋጉ፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ለጥበቃ ሄዱ። እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ ይዘዋቸው የመጡ ፎቶግራፎች ዛሬ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም በየቤተሰቡ አልበም ውስጥ ይገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ስም የላቸውም። ከዘማቾቹ በሕይወት ያሉት ደግሞ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አረጋውያን ናቸው።

የልጅ ልጅ ፎቶውን አንሥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አያቴ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የልብ ቢሆንም መነሻ ሊሆን አይገባም። አንድ የወታደር ፎቶግራፍ የማን እንደሆነ ከመናገሩ በፊት የማን ሊሆን እንደማይችል ይናገራልና። ወረቀቱ፣ ልብሱ፣ መሣሪያው፣ ከኋላ የሚታየው ኮረብታ፣ እያንዳንዱ ዘመኑንና ቦታውን በየፊናው ያጠባል። ስም የሚሰጠው የሰው ትዝታ ነው፤ ትዝታ ግን የሚፈተነው እነዚህ ነገሮች ባበጁለት ድንበር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከጀርባው ይጀምራል። በእርሳስ ወይም በቀለም የተጻፈ «43» የሚል ቁጥር ለአገር ቤት አንባቢ 1943 ዓ.ም. ነው፤ ውጭ አገር ተወልዶ ላደገ ሰው ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመት መስሎ ይታየዋል። በዚህ አንድ ስሕተት ብቻ የኮርያ ዘማች ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተጎትቶ ባልዋለበት ጦርነት ውስጥ ይገባል። ዓመተ ምሕረቱ በግእዝ አኃዝ ተጽፎ ሲገኝ ይህ ጥርጣሬ ያበቃል። «ቃኘው» የሚለው ቃልም ብቻውን አያስተማምንም። የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም የነበረው ይህ ስም ለሻለቃው ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የሬዲዮ መገናኛ ሰፈር «ቃኘው ስቴሽን» ተባለ። አሜሪካዊ ጂፕ አጠገብ የቆመ ኢትዮጵያዊ፣ ከጀርባው «ቃኘው» ተብሎ ቢጻፍበትም፣ ኮርያን ረግጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

የወረቀቱ ፋብሪካ ማኅተምም ይጠቅማል። አግፋና ጌቫርት የተዋሐዱት እ.ኤ.አ. በ1964 ስለሆነ፣ የሁለቱ ስም አንድ ላይ የታተመበት ወረቀት በኮርያ ጦርነት ጊዜ አልነበረም። ይህ ግን ፎቶው የተነሣበትን ቀን አይነግረንም፤ የሚነግረን ቅጂው የታጠበበትን ዘመን ነው። ቤተሰብ አሮጌ ፎቶ ሲደበዝዝ ወደ ፎቶ ቤት ወስዶ እንደገና ማሳተሙ የተለመደ ነውና፣ የኋለኛ ዘመን ወረቀት የፊተኛውን ምስል ሐሰት አያደርገውም። ሁለቱን ቀኖች ለያይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

ወደ ፊቱ ሲዞሩ ሁለት ዘመቻዎች በብዛት ይምታታሉ፤ ኮርያና ኮንጎ። የኢትዮጵያ ጦር ከ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ዘምቷል፤ ጠቅል ብርጌድ የሚለው ስም የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። በሁለቱም ዘመቻዎች የተሳተፉ ሰዎች ነበሩ። በኮርያ የቃኘው አዛዥ የነበሩት ከበደ ገብሬ፣ ጄኔራል ከሆኑ በኋላ በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር መርተዋል። የአንድ ሰው አልበም ሁለቱን አገሮች አቀላቅሎ ቢይዝ እንግዲህ ሊያስደንቅ አይገባም። መለያው ግን አለ። ኮርያ ላይ ሰማያዊ የብረት ቆብ አልነበረም፤ ዘማቾቹ የለበሱትም የታጠቁትም አሜሪካኖች የሰጧቸውን ነው። ኮንጎ ላይ ቆቡ ሰማያዊ ነበር፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ፈካ ያለ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የሜዳልያው ጥብጣብም ይለያል። የኮርያው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳልያ ጥብጣብ ነጭና ሰማያዊ እየተፈራረቁ 17 ቀጫጭን ሰረዞች አሉት። መጀመሪያ ለኮንጎ ዘማቾች የተሰጠው ግን ሰፊ ሰማያዊ መደብ ላይ ሁለት ቀጫጭን ነጭ ሰረዞች ብቻ አሉት። ቀለሙ ባይታይ እንኳ ሰረዙን በአጉሊ መነጽር መቁጠር ይቻላል። ሜዳልያው ራሱ በቤት ውስጥ ካለ ጀርባው ይነበብ፤ ለኢትዮጵያውያን የተሠራው ጽሑፉ በአማርኛ ነው።

በኮርያ ውስጥም ቢሆን የትኛው ሻለቃ እንደሆነ የሚጠቁሙ ነገሮች አሉ። አሜሪካኖች ፍንጣሪ የሚከላከለውን ወፍራም ሰደርያ ለእግረኛ ጦር በስፋት ያደሉት በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ ነው። በምሽግ ውስጥ ይህን ለብሶ የሚታይ ዘማች በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ከተመራው ከመጀመሪያው ሻለቃ ይልቅ የኋለኞቹ መሆኑ ያመዝናል። መኪና ካለ ደግሞ ዓይን ፓራውልቱ ላይ ይረፍ። ቃኘው የተመደበው በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበር፤ በአሜሪካ ጦር መኪኖች ፓራውልት ላይ የክፍለ ጦሩና የሬጅመንቱ ቁጥር ይጻፍ ነበር። የክፍለ ጦሩ ዓርማ በቀይ ክብ ላይ የተቀመጠ፣ የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ጥቁር ምልክት ነው። ይህ ዓርማ በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ሲታይ ቦታውን ባይነግርም የጦሩን ቀጣና ይነግራል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ኔጋቲቭ ተገልብጦ ሲታጠብ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ሜዳልያ በለባሹ ግራ ደረት ላይ ካልዋለ፣ ወይም የኤም ዋን ጠመንጃ መቀባበያ በግራ በኩል ከታየ፣ ፎቶው ተገልብጧል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ፎቶ «ከግራ ሦስተኛው» የሚል የድሮ ማስታወሻ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል።

ቦታን መለየት ከሁሉ ይከብዳል። በጥሩ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ባማረ መጋረጃ ፊት የተነሣ ዘማች ብዙ ጊዜ ኮርያ ውስጥ አይደለም ያለው፤ ወታደሮች ለአጭር ዕረፍት፣ ቁስለኞችም ለሕክምና ወደ ጃፓን ይላኩ ነበር። የመንገድ ሰሌዳ ከታየ የኮርያ ፊደል በትንንሽ ክቦቹ ይታወቃል፤ በጃፓንኛ ግን እንዲህ ያሉ ክቦች ብዙም አይታዩም። ግንባር ላይ ግን ሰሌዳ የለም፤ ያለው ኮረብታ ነው። ሁለተኛው ሻለቃ በጥቅምት 1945 ዓ.ም. ትሪያንግል ሂል በተባለው ተራራ፣ ሦስተኛው በግንቦት 1945 ዓ.ም. ፖርክ ቾፕ ሂል አካባቢ ተዋግተዋል። የመጀመሪያው ስፍራ ዛሬ በሰሜን ኮርያ በኩል ቀርቷል፤ ሁለተኛው ከጦር ነጻ በሆነው ቀጣና ውስጥ ነው። በመድፍ የተራቆተው ኮረብታም ደን ለብሷል። ቦታው ላይ ቆሞ ማስተያየት ስለማይቻል፣ የሸንተረሩን መስመር በዚያው ዘመን ከተነሡ የአሜሪካ ጦር ፎቶግራፎች ጋር ማስተያየት ይቀራል።

እነዚያ ፎቶግራፎች ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ስፍራው በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነው፤ የዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች ዕድሉን ሊጠቀሙበት ይገባል። ስም ሲፈለግ ግን አንድ ነገር አይዘንጋ፦ አሜሪካኖች የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚያስቡ ዘማቹ በአባቱ ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ የላቲን አጻጻፉም ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ይለዋወጣል።

የአረጋውያኑ ተራ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው፤ ዕድሜያቸው ጊዜ የማይሰጥ ሲሆን ደግሞ ጎን ለጎን። «አባባ፣ ይህ አቶ እገሌ አይደሉም?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ መስጠት ነው፤ ለእንግዳ ክብር ሲሉ «አዎን» ይላሉ። ፎቶውን አስፍቶ አሳትሞ፣ በቅጂው ላይ ለእያንዳንዱ ፊት ቁጥር ሰጥቶ፣ ዝም ብሎ ማስያዝና የሚሉትን መቅዳት ይሻላል። ብዙ ጊዜ ፊቱን ሳይሆን አቋቋሙን ያውቃሉ። ያልታወቀው በግምት አይሞላ፤ «ቁጥር 4፣ ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍ። በዋናው ፎቶ ጀርባ በእስክሪብቶ መጻፍ ወረቀቱን ይጎዳል፤ ማስታወሻው በሌላ ወረቀት ላይ፣ ማን እንደተናገረውና በምን እንደተረጋገጠ ተጠቅሶ ይቀመጥ።

ከ120 በላይ የቃኘው ዘማቾች በኮርያ ጦርነት ወድቀዋል፤ እነርሱን ሊለይ የሚችለው ሌሎች ያቆዩት ፎቶ ነው። የጓድ ፎቶ ደግሞ ከአንድ ኔጋቲቭ ለብዙ ሰው ይታጠባልና፣ አንዱ ቤት «ያልታወቀ» ተብሎ የቀረው ወታደር ሌላ ቤት ባለው ቅጂ ጀርባ ላይ ሙሉ ስሙ ተጽፎለት ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የፊቱም የጀርባውም ቅጂ ለዘማቾቹ ማኅበር፣ ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ወይም ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቢሰጥ፣ ተበታትነው ያሉትን ቅጂዎች አንዱን ከአንዱ ማስተያየት ይቻላል።