የመኪና ማቆሚያ በር መክፈቻ የማስገጠሚያ ወጪና በዋጋው ውስጥ ያለው የደኅንነት ድርሻ

በአሜሪካ የሚገኙ ብዙ የግል መኖሪያ ቤቶች ከቤቱ ጋር ተያይዞ የተሠራ የመኪና ማቆሚያ ክፍል አላቸው። «ጋራዥ» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ በቅድሚያ የተሽከርካሪ መጠገኛን የሚያስታውስ ቢሆንም፣ በአሜሪካ ቤተሰብ ዘንድ ግን በአብዛኛው የሚያመለክተው ይህንኑ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ የግቢ በር በመኪና ጡሩምባ ጥሪ በጥበቃ ሠራተኛ ወይም በቤተሰብ አባል እጅ ሲከፈት፣ በዚያ ይህንኑ ተግባር የሚያከናውነው በኮርኒስ ሥር የተሰቀለ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

ወደ ላይ የሚነሳውን በር እ.ኤ.አ በ1921 የፈለሰፈው ሲ. ጂ. ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መክፈቻም በ1926 ለአገልግሎት አብቅቷል። መሣሪያው በአሁኑ ወቅት በሪሞት ኮንትሮል፣ በግድግዳ ላይ በሚገጠም ቁልፍ ወይም በእጅ ስልክ አማካይነት ይታዘዛል።

መሣሪያውን ለማስገጠም የሚጠየቀው ገንዘብ ከቤት ቤት በእጅጉ ይለያያል። ልዩነቱ የሚመነጨው ከመሣሪያው ዓይነት ብቻ ሳይሆን ከበሩ ክብደት፣ ከሞላዎቹ ይዞታ፣ ከኤሌክትሪክ መስመሩና ሕግ ከሚያስገድዳቸው የደኅንነት ክፍሎች ጭምር ነው። በመሆኑም በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ተመልክቶ በጀት የያዘ ሰው በሥራው መካከል ለተጨማሪ ወጪ ይዳረጋል፤ አለያም ወጪውን ለመቀነስ ሲል ሊቀነስ የማይገባውን ክፍል ይቀንሳል።

የመሣሪያው ዓይነትና ዋጋ

በገበያ ላይ በስፋት የሚገኙት መክፈቻዎች በሩን በሚጎትቱበት ስልት ይለያሉ። በሰንሰለት ወይም በተለምዶ ካቴና በሚባለው የሚጎትተው ዓይነት ዋጋው ዝቅተኛ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ150 እስከ 300 የአሜሪካ ዶላር ይሸጣል። ጠንካራና ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ቢሆንም ድምፁ ከፍተኛ ነው። በጎማ ቺንጋ የሚሠራው ከ200 እስከ 400 ዶላር የሚደርስ ዋጋ ሲኖረው፣ ድምፁ አነስተኛ በመሆኑ ከማቆሚያው በላይ ወይም አጠገብ የመኝታ ክፍል ላላቸው ቤቶች ይመረጣል። ከበሩ ጎን በግድግዳ ላይ የሚገጠመውና የበሩን ዘንግ በቀጥታ የሚያሽከረክረው ዓይነት ኮርኒሱን ነፃ የሚያደርግ ሲሆን፣ ዋጋው ከ400 ዶላር በላይ ነው።

የሞተሩ ጉልበትም በዋጋው ላይ ለውጥ ያመጣል። ለተለመደው የቆርቆሮ በር ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በቂ ሲሆን፣ ከእንጨት ለተሠራና ከባድ ለሆነ በር ከዚያ የሚበልጥ ይመረጣል። ይሁን እንጂ ከፍተኛ ጉልበት ያለው ሞተር መግዛት የተበላሸን በር ለማስተካከል እንደ መፍትሔ ሊወሰድ አይገባም።

የእጅ ዋጋና ተጓዳኝ ወጪዎች

ለገጠማ ሥራ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ በአብዛኛው ከ100 እስከ 300 ዶላር ባለው መጠን ውስጥ ይወድቃል። ልምድ ያለው ባለሙያ ሥራውን ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ያጠናቅቃል። አሮጌውን መሣሪያ ማውረድና ማስወገድ አንዳንድ ጊዜ በዋጋው ውስጥ የሚካተት ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለብቻው ይታሰባል። የሽያጭ ታክስ መጠን ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት የሚለያይ በመሆኑም በመጨረሻው ሂሳብ ላይ የራሱ ድርሻ አለው።

በኮርኒሱ አቅራቢያ ሶኬት ከሌለ መስመር ለመዘርጋት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስመጣት ያስፈልጋል። ለዚህም በተለምዶ ከ150 እስከ 350 ዶላር ይጠየቃል። የኤክስቴንሽን ገመድን በቋሚነት መጠቀም ለእሳት አደጋ ሊያጋልጥ ስለሚችል በአምራቾች መመሪያ የተከለከለ ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የበሩ ሞላ ነው። ብዙዎች በሩን የሚያነሳው ሞተሩ እንደሆነ ቢገምቱም፣ ክብደቱን በዋነኛነት የሚሸከመው ከበሩ በላይ ወይም ከጎኑ ተወጥሮ የሚገኘው ሞላ ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያስገባ የብረት በር ከ60 እስከ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሲሆን፣ ሞላው ጤናማ ከሆነ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሊያነሳው ይችላል። ሞላው ሲደክም ግን ጫናው ወደ ሞተሩ ይዛወራል፤ አዲሱ መሣሪያም ዕድሜው ሳይደርስ ይቃጠላል። የተለመደው ሞላ የሚሠራው 10,000 ጊዜ ያህል ከፍቶ ለመዝጋት ታስቦ ነው። በቀን አራት ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ይህን መጠን በሰባት ዓመት ገደማ ያሟላል። ሞላ ማስለወጥ በአብዛኛው ከ150 እስከ 350 ዶላር ያስወጣል።

የበሩን ሚዛን ለመፈተሽ ሞተሩን ከበሩ አላቅቆ በሩን በእጅ እስከ ግማሽ ማንሳትና መልቀቅ ይበቃል። በሩ ባለበት ከቆመ ሚዛኑ የተጠበቀ ነው፤ ወደ ታች ከወረደ ወይም ወደ ላይ ከተሳበ መሣሪያው ከመገጠሙ በፊት መስተካከል ይኖርበታል። ይህ ፍተሻ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ሲሆን፣ የአጠቃላዩን ሂሳብ መጠን አስቀድሞ ለመገመት ይረዳል።

ለአብነት ያህል ሶኬት ተዘጋጅቶለት፣ በሩም በጤናማ ይዞታ ላይ በሚገኝ ቤት ውስጥ 200 ዶላር የሚያወጣ የሰንሰለት መክፈቻ በ150 ዶላር የእጅ ዋጋ ቢገጠም ድምሩ 350 ዶላር ይሆናል። በአንፃሩ በሌላ ቤት መሣሪያው 300፣ የእጅ ዋጋው 200፣ የሶኬት ሥራው 200፣ የሞላ ቅያሪው 250፣ በውጭ የሚገጠመው የቁጥር መክፈቻ ደግሞ 40 ዶላር ቢሆን ወጪው ወደ 990 ዶላር ያድጋል። በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት 100 ዶላር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በጠቅላላው ወጪ መካከል ያለው ልዩነት ግን 640 ዶላር ይደርሳል።

ከሕፃናት ሞት የመነጨ ግዴታ

በዛሬው ዋጋ ውስጥ የተካተቱት የደኅንነት ክፍሎች በአምራቾች በጎ ፈቃድ ብቻ የመጡ አይደሉም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ባወጣው ማሳሰቢያ መሠረት፣ እ.ኤ.አ ከመጋቢት 1982 ወዲህ በተቆጠሩት ዓመታት ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 60 የሚጠጉ ሕፃናት በአውቶማቲክ በሮች ሥር ተይዘው ሕይወታቸው አልፏል። ይህም በዓመት በአማካይ አራት ሕፃናት ማለት ነው። በሌሎች ላይ ደግሞ የአንጎል ጉዳትና ከባድ የአካል ጉዳት ደርሷል። ከቀድሞዎቹ መሣሪያዎች መካከል አንዳንዶቹ በሩ ሰው ሲነካ ከመቆም በስተቀር ተመልሶ ወደ ላይ የማይነሳባቸው ስለነበሩ፣ በሥሩ የተያዘው ሕፃን እንደተጫነው ይቀር ነበር።

ይህንኑ መነሻ በማድረግ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 ባሻሻለው የሸማቾች ምርት ደኅንነት ሕግ መክፈቻዎቹ አስገዳጅ መስፈርት እንዲያሟሉ ተደርጓል። እ.ኤ.አ ከጥር 1 ቀን 1993 በኋላ የሚመረቱ የመኖሪያ ቤት መክፈቻዎችም በሩ እንቅፋት ሲነካ ተመልሶ ከመነሳቱ በተጨማሪ፣ የብርሃን ጨረር ያለው ጠቋሚ ወይም ተመጣጣኝ ጥበቃ የሚሰጥ ሌላ ዘዴ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። ጠቋሚዎቹ በበሩ ግራና ቀኝ ከወለል ከ15 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ የሚገጠሙ ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚያልፈው ጨረር በተቋረጠ ጊዜ በመዘጋት ላይ ያለው በር ተመልሶ ይነሳል። ከፍታው ዝቅ እንዲል የተደረገው መሬት ላይ የተኛ ወይም የሚድህ ሕፃን ጭምር እንዲታይ ታስቦ ነው።

ጠቋሚዎቹን በኮርኒስ ላይ ፊት ለፊት አስሮ መተው ወይም ሽቦቸውን በማገናኘት ከሥራ ውጪ ማድረግ በገጠማ ወቅት ሊከሰቱ ከሚችሉ አደገኛ ስህተቶች መካከል ይገኝበታል። ይህ ሲደረግ በሩ እንደ ወትሮው የሚከፈትና የሚዘጋ በመሆኑ ጉድለቱ አደጋ እስኪደርስ ድረስ አይታወቅም። በመሆኑም የቤቱ ባለቤት ሂሳቡን ከመክፈሉ በፊት ሁለት ፍተሻዎችን በራሱ ዓይን ማየት ይኖርበታል። የመጀመሪያው በሩ በሚዘጋበት ጊዜ ጨረሩን በአንድ ዕቃ ማቋረጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ በበሩ መስመር ወለሉ ላይ አጋድሞ በሩን መዝጋት ነው። በሁለቱም ጊዜ በሩ ተመልሶ መነሳት አለበት። ፍተሻው በየወሩ እንዲደገም የሚመከር ሲሆን፣ የግድግዳው ቁልፍም ሕፃናት እንዳይደርሱበት ከወለሉ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ መገጠም ይኖርበታል።

መብራት ሲቋረጥ

ሁለተኛው የሕግ ለውጥ የመጣው ከእሳት አደጋ ጋር ተያይዞ ነው። በጥቅምት 2017 በሰሜን ካሊፎርኒያ በተቀሰቀሰው የሰደድ እሳት ኃይል በመቋረጡ፣ አንዳንድ ነዋሪዎች፣ በተለይም አረጋውያን፣ በራቸውን በእጅ ከፍተው በመኪና ለማምለጥ ተቸግረዋል፤ ከእነዚህም መካከል ሕይወታቸውን ያጡ ይገኙበታል። የክፍለ ግዛቷ ምክር ቤት በተከታዩ ዓመት ባጸደቀው ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሸጥ ወይም የሚገጠም ማንኛውም የመኖሪያ ቤት መክፈቻ ኃይል ሲቋረጥ የሚያገለግል ባትሪ እንዲኖረው ደንግጓል። ድንጋጌውን የተላለፈ ወገን ለእያንዳንዱ መሣሪያ 1,000 ዶላር ይቀጣል።

ባትሪ በሌለበት ቤት ከሀዲዱ ላይ የሚንጠለጠለውን ቀይ ገመድ በመሳብ በሩን ከሞተሩ ማላቀቅና በእጅ ማንሳት ይቻላል። ሆኖም ይህ መደረግ ያለበት በተቻለ መጠን በሩ ዝግ ሳለ ነው። ሞላው ተሰብሮ በሩ ክፍት ከሆነ ገመዱን መሳብ በሩ በሙሉ ክብደቱ እንዲወድቅ ያደርጋል። ስለዚህ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ ገመዱን እንዴት እንደሚጠቀሙ አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል።

ወጪን መቀነስ የሚቻልበትና የማይቻልበት

የቤቱ ባለቤት መሣሪያውን በራሱ በመግጠም የእጅ ዋጋውን ሊያድን ይችላል። ሀዲዱን ማገጣጠም፣ ሞተሩን በጠንካራ የጣሪያ አግዳሚ ላይ በቡሎን ማሰርና ጠቋሚዎቹን ማስተካከል የአምራቹን መመሪያ በጥንቃቄ ለሚከተል ሰው የሚከብድ አይደለም። የተወጠረ ሞላን መፍታት ግን ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ ነው። በውስጡ የታመቀው ጉልበት በድንገት ሲለቀቅ እጅን ሊሰብር፣ ሕይወትንም ሊያጠፋ ይችላል።

ሥራውን ለባለሙያ የሚሰጥ ሰው ቢያንስ ከሦስት አቅራቢዎች የጽሑፍ ፕሮፎርማ መሰብሰብ ይጠቅመዋል። ፕሮፎርማው የመሣሪያውን ዓይነትና ሞዴል፣ የእጅ ዋጋውን፣ የአሮጌውን መሣሪያ ማስወገጃ፣ ታክሱንና የዋስትናውን ጊዜ ለየብቻ ማሳየት አለበት። በማስታወቂያ ላይ እጅግ ዝቅተኛ ዋጋ የሚጠራ አቅራቢ ቀሪውን በተጨማሪ ዕቃዎች ስም የሚጠይቅ ሊሆን ስለሚችል፣ መነጻጸር ያለበት የመጨረሻው ድምር ነው።

መሣሪያውን ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የሚያስብ ሰው ደግሞ ሌላ ወጪ ሊያስብ ይገባል። የአሜሪካ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለ120 ቮልት የተሠራን መሣሪያ በቀጥታ በኢትዮጵያ ሶኬት ላይ መሰካት መሣሪያውን ያቃጥለዋል። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እንጂ ኸርዙን ስለማይለውጥ፣ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ያህል ሊቀንስ ይችላል። በመሆኑም ለ220 ቮልት የተሠራ መሣሪያ መግዛት ይመረጣል።

የመሥሪያ ቤት የግቢ በርን በሞተር ለማንቀሳቀስ ጨረታ በሚዘጋጅበት ጊዜም ከዋጋው በፊት በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ሁለት ጥያቄዎች ከዚሁ ተሞክሮ የሚወሰዱ ናቸው፤ በሩ በመዘጋት ላይ እያለ ሰው ቢነካ ምን ይሆናል? መብራት በተቋረጠ ጊዜስ እንዴት ይከፈታል? ለሁለቱ ጥያቄዎች በተግባር የተፈተነ መልስ የማይሰጥ አቅራቢ ያቀረበው ዝቅተኛ ዋጋ ያልተሟላ ዋጋ ነው።