ሁለት ቆጠራ

የጎጃም ገበሬ አያት ቅድመ አያቱን ይቆጥር የነበረው በናፍቆት ብቻ አልነበረም። በርስት አገር የዘር ሐረግ ሙግት ነበር። ባለ ርስት ነኝ የሚል ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው፣ «አቅኚ አባት» ከሚባለው አንሥቶ እስከ ራሱ ያለውን ትውልድ በሽማግሌዎች ፊት መዘርዘር ነበረበት። ከመካከል አንዲት አያት ብትዘለል ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። ርስት በእናትም በአባትም ስለሚወረስ የሴቶቹም ስም እንደ ወንዶቹ ተጠብቆ ኖረ። (በስንት የታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ ሚስት ስም አልባ ሆና እንደቀረች ላስተዋለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።)

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ያ ሙግት መሠረቱ ተናደ። ስለ ርስቱ አላለቅስም፤ ወንድምን ከወንድም ያጋደለ ነገር ነበርና። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ቀረልን፤ እርሱም በከተማ እየሳሳ ነው። እኔ በምሠራበት ባንክ የደንበኛው ቅጽ ከአያት በላይ ቦታ የለውም፤ ሦስት ስም፣ ከዚያ ፊርማ።

ታዲያ መሬት የማያወርሰንን ቅድመ አያት ዛሬ ስለ ምን እንጠራዋለን?

መልሱን የማገኘው ከርስቱ ጎን ለጎን ሲኖር ከነበረው ከሌላው ቆጠራ ነው። ተዝካር «ዘከረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ አሰበ ማለት ነው። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ ካህኑ የሟቹን ስም ያነሣል። የሚያነሣው ግን በሸንጎ የታወቀውን ስም ሳይሆን የክርስትናውን ነው። ለእኔ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። በሸንጎው ቆጠራ ሕያው ከሙት ይለምን ነበር፤ በመቅደሱ ቆጠራ ሙት ከሕያው ይለምናል። እኛ ወራሾች ብቻ አይደለንም፤ የሚጠብቁን ሰዎች አሉ።

የብራና መጻሕፍቶቻችንም ይህንኑ ልመና ተሸክመው ኖረዋል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን አጽፈው ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌል ዛሬም ስማቸውን ይዞ አለ። በየገዳሙ ባሉ ሌሎች መጻሕፍት ጸሐፊውና አጻፊው አንባቢ እንዲጸልይላቸው ስማቸውን በጸሎቱ መካከል አስገብተዋል፤ ብዙ ጊዜም በቀይ ቀለም። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ደግሞ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም በቢላ ፍቆ የራሱን ያስጽፋል። በተፋቀው ብራና ላይ የቀድሞው ቀለም ጥላ አንዳንዴ ይታያል። ያ ሰው ስንት ጊዜ ተጸለየለት? ከተፋቀ በኋላስ ጸሎቱ ወዴት ሄደ? ይህን ሳስብ ልቤ ይጨነቃል፤ መልስም የለኝም።

በእኛ ቤት የአያቴን እናት በሐረጉ ላይ የማያውቃት የለም፤ በእርሷ በኩል የመጣ ርስት ነበርና ሽማግሌዎቹ የዓለም ስሟን አልጣሉትም። የክርስትና ስሟን ግን የያዘ ሰው አላገኘሁም። ለቄሱ በምሰጠው ወረቀት ላይ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ገብረ ኢየሱስ ብዬ እወርድና ከእርሷ ተራ ስደርስ «የወለተ ማርያም እናት» ብዬ እጽፋለሁ። ቄሱም አንድ ቀን ምን ማለትህ ነው ብለውኝ አያውቁም፤ እንዳለ ያነቡታል።