ሰዋስው አራሚ ወይስ ኤአይ? ማመልከቻ ከመላካችሁ በፊት

ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ ሆናችሁ በስልክ ማመልከቻ ለምትጽፉ!

👉 በህግ የሚሰራ አራሚ፦ ቃሉን ከመዝገብና ከሰዋስው ህግ ጋር ያመሳክራል። የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን የሚተነትነው በህግ ነው።

👉 ኤአይ፦ እነ ቻትጂፒቲ ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ቀጣዩን ቃል ይገምታሉ።

ልዩነቱስ? በቁቤ «በዳ» በአንድ ዲ ሲጻፍ መጥፎ፣ በሁለት ዲ ደጋ ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ መዝገብ ብቻ የሚያይ አራሚ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ኤአይ ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ተነስቶ ሊይዘው ይችላል፤ ግን ሳትጠይቁት ስም ወይም ቀን ሊቀይርባችሁም ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ጽሑፋቸው ጥቂት በሆነ ቋንቋዎች ደግሞ ይበልጥ ይሳሳታል።

ስለዚህ «ስህተቱን ብቻ አሳየኝ፣ አትቀይር» በሉት። መጨረሻ ላይ ራሳችሁ አንብቡት፤ ፊርማው የናንተ ነው።