የናይሮቢ ካሜራዎች ምን አዩ? ምንስ ያዙ?

የታሪክ መምህር ስለ ማስረጃ ሲያስተምር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሰው ብራናን፣ ደብዳቤን፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሕፈትንና የሽማግሌዎችን ቃል ነው። በዘመናችን ከእነዚህ ጎን አንድ አዲስ ምስክር ቆሟል፤ ይኸውም በየሕንፃው ጣሪያና በየመንገዱ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው የጥበቃ ካሜራ ነው። ይህ ምስክር የማያዳላ፣ የማይዋሽና የማይረሳ ይመስላል። በእርግጥ እንደዚያ ነውን? ጥያቄውን ለመመርመር የጎረቤታችንን የኬንያን ዋና ከተማ ናይሮቢን መመልከት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ቅዳሜ እኩለ ቀን ገደማ የአልሸባብ ታጣቂዎች ዌስትጌት በተባለው የናይሮቢ የገበያ ሕንፃ ገብተው ተኩስ ከፈቱ። ከበባው እስከ አራተኛው ቀን ዘለቀ፤ 67 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ባለ ሥልጣኖች በመጀመሪያ አጥቂዎቹ ከ10 እስከ 15 ይደርሳሉ አሉ። የሕንፃው ካሜራዎች ቀረጻ ሲመረመር ግን የታዩት አራት ብቻ ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ ወታደሮች የፕላስቲክ ከረጢት ተሸክመው ከመደብር ሲወጡ ታዩ። የጦር ኃይሉ አዛዥ የተወሰደው ውሃ ብቻ ነው ብለው ነበር፤ ነገር ግን በጥቅምት መጨረሻ ሁለት ወታደሮች በዝርፊያ ምክንያት ከሥራ ተሰናብተው መታሰራቸው ተገለጸ። እንግዲህ ይህ ቀረጻ ባይኖር ኖሮ በመማሪያ መጻሕፍት የሚገባው ቁጥር ምናልባት የመጀመሪያው ይሆን ነበር። ለታሪክ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ቀረጻውን እንደ ማስረጃ የሚቀበል ሰው ማስረጃው እንዴት እንደ ተዘጋጀ ማወቅ ይገባዋል። ብራና የሚያነብ ሰው ስለ ቀለሙና ስለ ጸሐፊው እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ዲስክ የሚያይም ሰው መጠየቅ አለበት።

ካሜራን ከሩቅ ሆኖ መመልከት አዲስ ነገር አይደለም። በ1942 ዓ.ም. ጀርመኖች በፔነሙንደ የሮኬት መተኮሻ ስፍራ አጠገብ ካሜራ አቁመው የሮኬቱን አነሣሥ ከአደጋ ርቀው በቴሌቪዥን ይከታተሉ ነበር። ሆኖም ያን ጊዜ የታየው ምስል እዚያው ታይቶ ያልፋል። ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚሆን የምስል መቅጃ ማሽን አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያቀረበው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ካሴት መጣና የጥበቃ ሠራተኛው ሥራ ካሴት መቀየር ሆነ። ካሴት እንዳያልቅ ሲባል በሴኮንድ ጥቂት ሥዕል ብቻ፣ አንዳንዴም በየጥቂት ሴኮንዱ አንድ ብቻ ይቀዳ ነበር። ያው ካሴት ደጋግሞ ስለሚቀዳበትም ምስሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ሌባው በአንዱ ሥዕል ከበሩ ውጭ ቆሞ ይታያል፤ በሚቀጥለው ደግሞ ዕቃው የለም፣ ሌባውም የለም። በመካከል የሆነውን የሚያውቀው ሌባው ብቻ ነው።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ችግሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። እስቲ እናስላው፤ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜም ጥሩ መልመጃ ይሆናል። አንድ ተራ የቴሌቪዥን ሥዕል በወርዱ 720፣ በቁመቱ 576 ነጥቦች ቢኖሩት በድምሩ 414,720 ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም ሁለት ባይት ብንመድብ አንዱ ሥዕል 829,440 ባይት ይፈጃል። እንቅስቃሴ ለማሳየት በሴኮንድ 25 ሥዕል ስለሚያስፈልግ 20,736,000 ባይት ይሆናል። በአንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ አለ። ስለዚህ አንድ ካሜራ ብቻ በቀን 1.8 ትሪሊዮን ባይት ያህል ይሞላል ማለት ነው። ይህን ለወር የሚያስቀምጥ ባለ ሱቅ ከሱቁ ይልቅ የዲስክ መጋዘን ያስፈልገዋል።

መፍትሔው የተገኘው ምስሉን በመጭመቅ ነው። በ1972 ዓ.ም. በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ትውልደ ሕንዱ ናስር አህመድ ለአንድ የምስል ማስሊያ ዘዴ የምርምር ገንዘብ ቢጠይቁ የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ድርጅት ከለከላቸው፤ ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው የተባለ ይመስላል። እርሳቸው ግን ሥራውን ቀጥለው ከናታራጃንና ከራኦ ጋር በ1974 ዓ.ም. አሳተሙት። ዘዴው ሥዕሉን በስምንት በስምንት ነጥብ አራት ማዕዘን ይከፋፍልና፣ በእያንዳንዱ ማዕዘን ውስጥ የብርሃኑን ዝግተኛ ለውጥ ከደቃቁ ዝርዝር ይለያል። የሰው ዐይን ደቃቁን እምብዛም ስለማያስተውል እርሱ በግምት ይያዛል ወይም ይጣላል። ዛሬ በካሜራዎቻችንና በስልኮቻችን ውስጥ የምናየው አብዛኛው ምስል የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ለመምህር ይበልጥ ይቀርባል። የክፍል ኃላፊ መምህር በየጠዋቱ የሃምሳ ተማሪ ስም ከነአባቱ እንደ ገና አይጽፍም፤ ሙሉው ዝርዝር አንድ ጊዜ ተጽፏል፣ ከዚያ በኋላ የሚመዘገበው የቀረው ተማሪ ብቻ ነው። ካሜራውም እንዲሁ ያደርጋል። በየተወሰነ ጊዜ አንድ ሙሉ ሥዕል ይልካል፤ በመካከሉ ግን የሚልከው የተለወጠውን ብቻ ነው። ግድግዳው አልተንቀሳቀሰም፣ ስለዚህ ግድግዳው አይላክም። የተንቀሳቀሰው ሰው ግን ወዴት እንደ ሄደ ተገልጾ ይላካል። የስም ዝርዝሩ የጠፋበት መምህር «ሦስተኛው ቀርቷል» የሚል ማስታወሻ ብቻ ቢያገኝ ምንም እንደማይገባው ሁሉ፣ ሙሉው ሥዕል ሲጎድልም ተከታዮቹ ሥዕሎች ይበላሻሉ። በእነዚህ ሁለት ዘዴዎች ላይ የተመሠረተው ኤች 261 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ በ1988 ዓ.ም. ወጣ፤ በጥበቃ ካሜራዎች ዘንድ እጅግ የተስፋፋው ኤች 264 ደግሞ በ2003 ዓ.ም.።

በዚህ መንገድ 166 ሚሊዮን ቢት በሴኮንድ የነበረው የአንድ ካሜራ ምስል ወደ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሊወርድ ይችላል፤ ይህም በቀን 21.6 ቢሊዮን ባይት ገደማ ነው። ነገር ግን የተጣለው ተጥሏል። በፊልም እንደምናየው መርማሪው ቁልፍ ተጭኖ የደበዘዘውን ፊት የሚያጠራበት ተአምር የለም። ከሩቅ የቆመ ሰው ፊት ጥቂት አራት ማዕዘኖች ብቻ ሆኖ ከተቀረጸ፣ ኮምፒዩተር «አጠራሁት» ቢል የጨመረው የራሱን ግምት ነው። ልክ ገልባጭ ደብተራ የተፋቀውን ቃል በራሱ ቃል እንደሚሞላው ማለት ነው።

የተጨመቀው ምስል ቀጥሎ የሚያስፈልገው መንገድ ነው። በ1996 ዓ.ም. አክሲስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በቀጥታ ከኮምፒዩተር ኔትዎርክ ጋር የሚገናኝ ካሜራ ለገበያ አቀረበ፤ በሴኮንድ አንድ ትንሽ ሥዕል ነበር የሚልከው። በዚያን ጊዜ ኬንያ ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኘው በዋነኛነት በሳተላይት ነበር። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የሎንጎኖት ጣቢያ፣ እንደ እኛው ሱሉልታ ያለ ማለት ነው፣ ሥራ የጀመረው በ1970 ዓ.ም. ነው። ምልክቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ያንኑ ያህል ስለሚወርድ ሩብ ሴኮንድ ገደማ ይዘገያል። ከመዘግየቱ ይልቅ ያስቸገረው ዋጋው ነበር። በ2009 ዓ.ም. ቲምስና ሲኮም የተባሉት የባሕር ውስጥ ኬብሎች ሞምባሳ ሲደርሱ ነገሩ ተለወጠ። እርግጥ ከአንድ የናይሮቢ መንገድ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ለሚሄድ ምስል የባሕር ኬብል አያስፈልግም፤ በለንደን ተቀምጦ የናይሮቢ ቤቱን ደጃፍ ለሚያይ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ከዌስትጌት በኋላ መንግሥት ፊቱን ወደዚሁ አዞረ። በ2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የተባለው የስልክ ኩባንያ በ14.9 ቢሊዮን ሽልንግ 1,800 ካሜራዎችን በናይሮቢና በሞምባሳ እንዲተክል፣ 195 ፖሊስ ጣቢያዎችንም እንዲያገናኝ ተዋዋለ። መሣሪያው የቻይናው ሁዋዌ ነው። የግዥው አካሄድ በፓርላማ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በላይኛው ስሌታችን መሠረት የ1,800 ካሜራዎች ያልተጨመቀ ምስል በሴኮንድ 299 ቢሊዮን ቢት ገደማ ነው፤ ሲጨመቅ 3.6 ቢሊዮን ይሆናል። የአህመድ «ቀላል» ሐሳብ ባይኖር ይህ ውል አይታሰብም ነበር። ከዚህ በኋላም ቢሆን በጃንዋሪ 2019 ዓ.ም. ዱሲት ዲ 2 በተባለው የናይሮቢ ሆቴል ግቢ በተፈጸመው ጥቃት 21 ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ የሰውን ምስል ቀርጾ የሚያስቀምጥ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ደነገገ።

የመጨረሻው ጉዳይ ለእኛ ለመምህራን ይበልጥ የሚቀርብ ነው። አልበርት ኦጁዋንግ መምህርና በኢንተርኔት የሚጽፍ ወጣት ነበር። ስለ አንድ ከፍተኛ የፖሊስ ሹም በተጻፈ ነገር ምክንያት ጁን 7 ቀን 2025 ዓ.ም. በሆማ ቤይ ተይዞ ወደ ናይሮቢ ተወሰደ፤ በማግስቱ በማዕከላዊ ፖሊስ ጣቢያ እስር ቤት ሳለ ሞተ። ፖሊስ ጭንቅላቱን ራሱ ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ ነው አለ። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ግን የጭንቅላት ጉዳት፣ የአንገት መታነቅና ሌላም ቁስል አግኝተው ራሱን የጎዳ ሰው ምልክት አይደለም አሉ። ታዲያ የጣቢያው ካሜራ ምን አየ? የፖሊስን ተግባር የሚቆጣጠረው ነጻ ባለ ሥልጣን ለሴኔቱ እንዳስረዳው የጣቢያው ቀረጻ ተነካክቶ ነበር። ጁን 24 ቀን ሦስት ፖሊሶችና ሦስት ሲቪሎች በነፍስ ግድያ ተከሰሱ፤ ሁሉም ጥፋተኛ አይደለንም አሉ።

በዌስትጌት ቀረጻው ባለ ሥልጣኖችን ሊያርም የቻለው በእነርሱ እጅ የተሠራ ስላልነበረ ነው። የጣቢያው መሣሪያ ግን ጥያቄ ከሚቀርብባቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ቀረጻን በኔትዎርክ ወደ ሌላ ስፍራ መላክ የተፈለገበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው ካሜራውን ከነመቅጃው ይዞ ስለሚሄድ ሌባ ቢሆንም።

ዲስክ ፎርማት ሲደረግ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ማውጫው ነው፤ የቀድሞው ቀረጻ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ከሥር ሊቆይ ይችላል። ካሜራው መሥራቱን ከቀጠለ ግን በላዩ የሚጽፍበት ራሱ ካሜራው ነው።